ሥራነሽ ያቦካችው መንገድ

ሥራነሽ ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ ቤቷም ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አገሬው በሠራችው ድስት ወጥ እየሠራ፣ በሠራችው እንስራ ውኃ እየቀዳ፣ እሷን ግን «ቡዳ ናት» ብሎ ከማዕዱ አያቀርባትም። አባቴ አበረም እንደዚያው ነበር። ይህን የምለው አባቴን ለማማት አይደለም፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት ጣልያን የአጥቢያውን ወንድ ሁሉ በግድ ለመንገድ ሥራ አወጣ። ከሥራነሽ ቤት በታች ያለው ሜዳ ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ያገኘውን ይውጣል። ድንጋይ ቢያለብሱት ድንጋዩን ዋጠው። ካሚዮን ቢነዱበት እስከ ሆዱ ተቀበረ። የሥራው አለቃ፣ አንድ ቁጡ ጣልያን፣ በአስተርጓሚ እንዲህ አስነገረ፦

«እስከ ቅዳሜ ካሚዮን ካላለፈ ማንም ቤቱ አይገባም። ካለፈ ትለቀቃላችሁ።»

ቢተው የሚባለው የሥራነሽ ባልም እዚያው ነበር። ጀርባው በአለንጋ ተልጧል።

ሥራነሽ ዋልካን ታውቀዋለች። ብቻውን ከሠሩበት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ የተሰበረ ሸክላ ገል ወቅጣ ትቀላቅልበታለች። ጣልያን ደግሞ ከከተማው ዳር ጡብና ኖራ ያቃጥል ነበር፤ የተሰባበረውን ጡብና ለግንብ የማይሆነውን የኖራ ብናኝ ገደል አፍ ላይ ይከምረዋል። አስተርጓሚው ዘንድ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ያንን የጣላችሁትን ይስጡኝ። ከጭቃው ጋር ባቦካው ይጠናል» አለችው።

አለቃው ይህ ሲነገረው ሳቀ፤ ግን ፈቀደ። ምን ቸገረው፣ ጥራጊ ነው።

ታዲያ የእኛ ሰዎች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቡዳ በእግሯ የረገጠችውን ጭቃማ አንነካም!» ለጣልያን ድንጋይ ሲሸከሙ ያልተጸየፉ ሰዎች! አባቴም አማተበና ዘወር አለ።

ሥራነሽና ቢተው ብቻቸውን ሠሩት። ጡቡን ወቀጡ፣ ዋልካውን ቆፈሩ፣ ኖራውን ነሰነሱበት፣ እንደ ሸክላ ጭቃ በእግራቸው እየረገጡ አቦኩት። ኖራው እግሯን ላጠው። ስድሳ እርምጃ ያህል መንገድ በአራት ቀን ጨረሱ።

ቅዳሜ ጧት ካሚዮኑ ድንጋይ ጭኖ መጣ፤ አለፈም። ጎማው ከአንድ ጣት በላይ አልሰመጠም።

አለቃው ቃሉን ጠበቀ፤ ሰዎቹን ለቀቀ። ቢተውን ግን ክንዱን ያዘው።

«ይሄ ሙያ አለው ይላል» አለ አስተርጓሚው፤ «ከአማኑኤል ወዲያ ሌላ ዋልካ አለ።»

እዚያው ካሚዮን ላይ ጫኑት። ሥራነሽ «ሙያው የእኔ ነው! እኔን ውሰዱኝ!» እያለች በተላጠ እግሯ ተከትላ ሮጠች። ካሚዮኑ እሷ ባጠነከረችው መንገድ ላይ ፈጥኖ ሄደ። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ አየና ወደየቤቱ ተበተነ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ «መንገዱን ለጠላት ያበጀች» እያሉ ሊከሷት የተነሡትም እነሱው ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ቢተው በዚያው ቀረ። አባቴ ግን ያን ቅዳሜ ቤቱ ገባ፣ እኔም በዓመቱ ተወለድኩ። ክርስትና ስነሣ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ በላ፣ ጠጣ፤ ሥራነሽን ግን አባቴ አልጠራትም።