ክዳኗ የታሰረ ጣሳ

እኔና ባለቤቴ ታከለ ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ቀለም ማጥለል ነበር። እኔ አሮጌ ነጠላዬን በጣሳዋ አፍ ላይ ወጥሬ ያዝሁ፤ እሱ ከበርሜሉ በጭልፋ እየቀዳ አፈሰሰ።

«ነጠላው ረገበ» አለኝ።

«ክንዴ ዝሎ ነው፤ ቶሎ በል» አልሁት።

ጣሳዋ ስትሞላ ክዳኗን ገጠመና ዙሪያዋን በሲባጎ አሰራት። እኔ ነጠላውን ላጥብ ወደ ፎቅ ወጣሁ። ምሳ ደርሶ ልጠራው ስወርድ ከበርሜሉ አጠገብ ወድቆ አገኘሁት። ማማሰያው እንጨት ገና በእጁ ነበር።

የምጽፈው ከዚያ በኋላ ያችን ጣሳ ይዤ ስለሄድሁበት ጉዞ ነው። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ከአፉላ ሃይፋ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ነገር ነው። መጻፉ ግን ወራት ወስዶብኛል።

የታከለ አባት በጎንደር ገጠር ለኦሪት መጻሕፍት የሚሆን ቀለም ያዘጋጁ ነበር። ጥቀርሻ፣ የተቆላ ገብስ፣ ሙጫና ውሃ ተደባልቆ ወራት ሙሉ እየተማሰለ ይበስላል። ታከለ ይህን ከአባቱ ተማረ፤ ኋላም አሥመራ ማተሚያ ቤት ተቀጥሮ የፈረንጁን ቀለም መበጥበጥ ለመደ። እዚህ አገር በመጣን በመጀመሪያው ዓመት ሃይፋ አጠገብ ባለ የካርቶን ፋብሪካ ጥቂት ሳምንታት በጽዳት ሠራ። በብርቱካን ካርቶን ላይ የሚታተመው ጥቁር ቀለም በውሃ የሚበጠበጥ መሆኑን ያየው ያኔ ነው። «ይኸማ የአባቴ ሥራ ነው!» እያለ ሲስቅ አመሸ።

በማግሥቱ በአፉላው ኮረብታማ ሰፈር በጊቫት ሃሞሬ ከምንኖርበት ሕንጻ ሥር ያለውን ማህሰን፣ የዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል ማለቴ ነው፣ ጠርጎ በርሜል አስገባ። ጥቀርሻውን ከመሀል ከተማው ዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ እየጠረገ ያመጣል፤ ዳቦ ጋጋሪው በነጻ የሚጠርግለት ሰው በማግኘቱ ይመርቀዋል። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የሥራ ቦታ ሲጠይቅ «ቀለምህን የሚገዛ ድርጅት ደብዳቤ አምጣ፤ ክፍል እንሰጥሃለን» አሉት። ፋብሪካው ደግሞ «አንድ ጣሳ አምጣና በማሽን እንሞክረው፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ነው» አለ። ጣሳዋን የሞላነው ለዚህ ነበር።

በሞተበት ቀን ታላቅ ወንድሙ አባ በየነ ከዘመድ ጋር መጡ። ሰው በሞተበት ቤት ክዳኑ ያልታሰረ ዕቃ ሁሉ ርኩስ ነው፤ ይህ ሕጋችን ነው፤ ኦሪት የሚለውን አባቶቻችን እንደ ቃሉ ይፈጽሙት ነበር። አባ በየነ ወደ በርሜሉ እያመለከቱ «ይህስ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን እንደጠየቁኝ አልገባኝም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ገብቶኛል። «ይደፋ» ያልሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት ከእሱ ተርፎ ለነገ የሚሆን ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ሰባት ወር የተማሰለው ቀለም በግቢው ቦይ ወረደ። ጣሳዋ ግን ክዳኗ ታስሮ ስለነበር ተረፈች።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አፉላ

ሐዘኑ ከወጣ በኋላ በአንድ እሑድ ተነሣሁ። ጣሳዋን በፎጣ ጠቅልዬ በዘንቢል ያዝሁና በከተማ አውቶቡስ ከኮረብታው ወደ መሀል ከተማ ወረድሁ። በዘንቢሉ ውስጥ የቀለሙን ደብተር፣ ዳቦና ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ጨምሬያለሁ።

የሃይፋውን አውቶቡስ ስጠብቅ የተቆላ የሱፍ ፍሬ ገዛሁ። ዋጋው ካለፈው ሳምንት ጨምሯል፤ በዚያን ሰሞን ሳይጨምር የሚሰነብት ነገር አልነበረም። የወረቀት ከረጢቱ ቀለም በላቤ እየለቀቀ መዳፌን አቀላው። ታከለ ቢሆን ኖሮ ሻጩን ይቆጣ ነበር። የብስኩት ካርቶንም ሆነ የዱቄት ከረጢት ሲያገኝ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሳያሸው አያልፍም፤ «ይህ ይለቃል፣ ይህ ይዟል» ይላል። ሱቅ አብሬው መግባት አፍር ነበር።

በመንገድ ላይ

አውቶቡሱ ባቡር የማይመጣበትን አሮጌ የባቡር ጣቢያ አልፎ ወደ ምዕራብ ወጣ። ጥጡ ተለቅሞ አልቋል፤ ከጭነት መኪና የወደቀው ብጥስጣሽ በመንገዱ ዳርና ዳር ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። መሬቱ ታርሶ ጥቁር ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ፤ ከእኛ በታች ባለው ሕንጻ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸውን ለመታየት ሃይፋ ይሄዳሉ። ከጉልበቴ ላይ ያለውን ዘንቢል ደጋግመው ገረመሙት።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ሕፃን ያቀፍሽው ምንድን ነው? ማር ነው?»

«ቀለም ነው፣ እማማ።»

«የጸጉር?»

«የካርቶን።»

«እቴ! ካርቶን ደግሞ ምን ሽበት አለው? ለእኔ ብትቀቢኝ አይሻልም?» ብለው ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከፊት ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። እኔም ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያው አፈርሁ። ወይዘሮ ትርንጎ አዩኝ። «ሳቂ እንጂ። እሱ ሣቂታ ሰው ነበር፤ አይቆጣሽም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የቀርሜሎስ ተራራ ከፊታችን ሲመጣ ደብተሩን አውጥቼ አነበብሁ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። በአገሬ አስተማሪ ስለነበርሁ እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍሁለት። ጥቀርሻው ስንት ጣሳ፣ ገብሱ ምን ያህል ተቆልቶ እንደሚወቀጥ፣ ሙጫው መቼ እንደሚገባ፣ ሁሉም አለ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከዚያ በኋላ እኔ አየዋለሁ።» ስጽፈው «ይህ ደግሞ ይጻፋል?» ብዬው ነበር። «ጻፊው፣ ዋናው እሱ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። የሚያየው እንዲህ ነው፤ አንዲት ጠብታ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ያደርግና ጥፍሩን ቀስ ብሎ ያዘነብላል። አንዳንድ ቀን «ገና ነው» ይላል፤ አንዳንድ ቀን ምንም ሳይል ሙጫ ይጨምራል። በጠብታዋ ውስጥ ምን እንደሚያይ አንድም ቀን አልጠየቅሁትም። ምን ያስቸኩለኛል ብዬ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሃይፋ

አውቶቡስ ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው ዘንቢሌን ፈተሸ። የታሰረች ጣሳ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ክፈቺው።»

«ቀለም ነው። እባክህ አታስፈታኝ።»

«ገቬረት» አለኝ፣ እመቤት ማለቱ ነው፤ «ወይ ክፈቺው ወይ ተመለሺ።»

ታከለ የቋጠረውን ሲባጎ በጥርሴ ፈታሁት። ጥበቃው ጣቱን ነከረና አሸተተ፤ ከዚያ በሱሪው ጠረገው። ሱሪው ጠቆረ፤ ጣቱም አልነጣ። «ይህ በምን ይለቃል?» አለኝ። «አይለቅም» አልሁት። እየተራገመ አሳለፈኝ። ሲባጎውን መልሼ ቋጠርሁት፤ ግን የእሱን አቋጣጠር አላወቅሁበትም።

ፋብሪካው

በሌላ አውቶቡስ ወደ ባሕረ ሰላጤው ፋብሪካዎች ሄድሁ። የማሽኑ ኃላፊ ሞሪስ የሚባል ከሞሮኮ የመጣ ወፍራም ሰው ነው። በሩ ላይ ሲያየኝ ከኋላዬ ማንን እንደሚፈልግ ገባኝ።

«ታከለስ? ሚስቱን ልኮ እሱ ተኛ?»

ዕብራይስጤ ገና ደካማ ነው፤ ለማለዘብ የሚሆን ቃል አልነበረኝም። «ሞቷል» አልሁት።

ሞሪስ ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ በእጁ አዞረው። ከዚያ ወንበር አመጣልኝ፤ ሻይም አስመጣ። ጣሳዋን ከፍቶ ቀለሙን በእንጨት አነሣ፤ ሲወርድ ተመለከተ።

«ማሽኑ ይህን ሁሉ ይጠጣዋል። ካፈሰስሁት አልመልስልሽም። ሌላ አለሽ?»

እውነቱን ብነግረው አይሞክረውም ነበር። እኔ ደግሞ ማወቅ ፈለግሁ። «አፍስሰው» አልሁት።

ማሽኑ ተነሣ። መጀመሪያ የወጡት ካርቶኖች ግራጫ ነበሩ፤ ሞሪስ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቀጥሎ ጠቆሩ። የብርቱካኑ ሥዕል ከነቅጠሉ፣ ፊደሉ ከነጠርዙ ጥርት ብሎ ወጣ። ሞሪስ አንዱን አንሥቶ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸው፤ ልክ እንደ ታከለ። ጣቱን አየ። ንጹሕ ነበር። የድሮውን ቀለም ካርቶን ከጎኑ ሲያስቀምጠው ያኛው ውሃ የነካው አመድ መሰለ።

«ቀለምህ ከያዘ ፊትህን በካርቶን ላይ አትምልሃለሁ ብዬው ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ቢሮ ገብቶ ደብዳቤውን ይዞ ወጣ። የሚቀጥለው ቀለም ከዚህኛው ጋር አንድ ከሆነ ፋብሪካው እንደሚገዛ ይላል።

«ሁለት በርሜል አምጪልኝ። የብርቱካኑ ወቅት ሳያልፍ።»

«እሺ» አልሁት። ሌላ ምን ልበል? ባዶዋን ጣሳና አንድ የታተመ ካርቶን ይዤ ወጣሁ።

መመለስ

በመልሱ መንገድ ዳቦውንም እንቁላሉንም አልበላሁም። ካርቶኑን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ብርቱካኑን አየሁ። የታከለ ሥራ በሙሉ ይህ ሆነ፤ ሰው ብርቱካኑን አውጥቶ የሚጥለው ነገር።

ጊቫት ሃሞሬ ስደርስ አባ በየነ በደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ካርቶኑን ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ዳበሱት፤ መዳፋቸውንም ገልብጠው አዩ።

«ያ የደፋነው ነው?»

«አዎ፣ አባ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «በአገራችን የምንደፋው ውሃና ጠላ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «በሳምንቱ ሌላ ይቀዳል፣ ሌላ ይጠመቃል። እንዲህ ያለ ነገር ደፍተን አናውቅም።»

«ይደፋ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

ደብተሩን ተከትዬ አራት ጊዜ ሠራሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጭስ ማውጫውን ስጠርግ መሰላል ያዘልኝ። የመጀመሪያው ገምቶ ተደፋ። ሁለተኛው በወረቀት ላይ ፈስሶ ተዛመተ። ሦስተኛው ያዘ፤ ሲደርቅ ግን እንደ ቅርፊት ረገፈ። የብርቱካኑ ወቅት አለፈ። ሞሪስ አንድ ጊዜ መልእክት ልኮልኝ ነበር፤ ሁለተኛ አልላከም። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ አልሄድሁም፤ ደብዳቤው በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ውስጥ ተቀምጧል።

ከጉዞው የተማርሁት ይህ ነው። ከመሄዴ በፊት ቀለሙ እንዳይበላሽ፣ እሱም በከንቱ የደከመ እንዳይሆን እፈራ ነበር። ቀለሙ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ከእሱ ጋር ቀብሬው ባረፍሁ። ግን ጥሩ ነበር። ይህን ማወቅ ከሞቱ ቀጥሎ የከበደኝ ነገር ነው።

አራተኛው ገና በርሜሉ ውስጥ አለ። ጠብታውን በጥፍሬ ላይ አድርጌ አዘነብለዋለሁ፤ የማየው ጥፍሬን ነው።

አሁን በልብስ ማጠቢያ ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ከመሄዴ በፊት ወደ ማህሰኑ ወርጄ በርሜሉን አማስላለሁ፤ ከዚያም ክዳኑን በሲባጎ አስራለሁ።