ስንጥቅ የምለይበት ጆሮ

እናቴ መርካቶ ሸክላ ተራ እንስራና ጋን ትሸጥ ነበር፤ እኔም አብሬያት። በንጉሡ ዘመን ቧንቧ የገባለት ቤት ጥቂት ስለነበር እንስራ የማይገዛ አልነበረም። ገዢ ሲመርጥ በጣቴ አንጓ አንኳኩቼ አዳምጣለሁ። ደህናው ኪው ይላል፤ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቅ ከተገኘ እናቴ እዚያው ድንጋይ ላይ ትከሰክሰዋለች። "ሰው ቤት ገብቶ ከሚያሳፍረኝ እዚሁ ይለቅ!" ትላለች። ደንበኞቻችን "ልጅቷ ትስማው" ሳይሉ አይገዙም። የሃያ ዓመት ኮረዳ ነኝ፤ ኩራቴ ሌላ!

ጉዱ ግን ያ የማዳምጥበት ጆሮ መግል ያፈስ ነበር። ግራው ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ የቀረኝ ቀኙ ብቻ ነው። እናቴ የጤና አዳም ጭማቂ በለጋ ቅቤ ታንቆረቁርልኛለች፤ እኔ ደግሞ ሽታው ገዢ እንዳያሸሽ ጥጥ እወትፍበታለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ ከረምን! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት እኔን ነው።

በኋላ ራስ ምታቱ ጸናብኝ፤ ስቆም ምድር ትዞርብኝ ጀመር። ሆስፒታል ሄድን። ፈረንጁ ሐኪም ጆሮዬን አገላብጦ አየ። ከዚያ የተናገረውን ቁስል የሚያጥበው ድሬሰር ተረጎመልን።

"ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት በስብሷል። ተቀዶ ካልተጠረገ መግሉ አንጎሏ ይገባል።"

"መስማቷስ፣ ጌታዬ?" አለች እናቴ።

"እትዬ፣ እርስዎ መትረፏን ይለምኑ።"

ያን ቀን ሁሉንም ጠላሁ፤ ሐኪሙንም፣ እናቴንም፣ ቅቤውንም። "ሞቼ ልረፍ፣ አልቀደድም!" ብዬ አለቀስኩ። እናቴ እግሬ ላይ ወደቀች። ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩ። ከጆሮዬ ጀርባ ቀደው የበሰበሰውን አጥንት ጠረጉት።

ስነቃ የእናቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። "ጮክ በይ እንጂ!" አልኳት። በየአልጋው ያሉት በሽተኞች ዞረው ያዩናል፤ ለካ ስትጮህ ኖሯል።

ከወር በኋላ ሻሼን ጠምጥሜ ገበያ ተቀመጥኩ። አንዲት የሰባተኛ ሰፈር ደንበኛችን እንደ ድሮዋ እንስራ አንስታ ሰጠችኝ። አንኳኳሁ። አንጓዬን ከማመሙ በቀር ምንም። ሴትዮዋን ቀና ብዬ ማየት አፍሬ "ደህና ነው" አልኩ።

እናቴ ከእጄ ተቀብላ ደግማ አንኳኳችው፤ ፊቷ ጠቆረ። ለሴትዮዋ ሌላ መርጣ ሰጠቻት። ያንን ግን አልሰበረችውም፤ ከኋላዋ ሸሸገችውና ወደ ቤት ስንመለስ ተሸክማው ሄደች። ስንጥቅ እንስራ አግኝታ ሳትሰብር ያለፈችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳት። ብትነግረኝስ በምኔ ልሰማ!