ወሰን መስሎን የኖረው ቦይ

አባቴና አበልጁ ከተኳረፉ ሁለት ክረምት አለፈ። አበልጁ ታላቅ ወንድሜን ክርስትና ያነሱ፣ ከአባቴ ጋር አብረው ያደጉ የቅርብ ጎረቤታችን ናቸው። ከአማኑኤል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ዳገት የሳር መሬታችን ይገናኛል፤ የሳቸው ከላይ፣ የኛ ከታች። መገናኛው ላይ ሳር የለበሱ፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይውጡ ሁለት ጎድጓዳ መስመሮች አሉ። አባቴ "ወሰናችን የላይኛው ነው" ይላል፤ አበልጁ ደግሞ "የታችኛው ነው" ይላሉ። መሀሉ ላይ ያለውን ሳር ማንም ደፍሮ አያጭደውም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሳሩ ቆሞ አማረበት፣ የተጎዱት ላሞቹ ናቸው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለበዓል በመጣሁ ቁጥር ያንን ኩርፊያ ሳይ ደሜ ይፈላል። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ጠጪዎች ነበሩ፤ የተጣላ ሰው ደግሞ ከአንድ ጽዋ አይጠጣምና አባቴ መቅረት ጀመረ። በማኅበሩ ቀን ደጅ ተቀምጦ ለማንም የማይሆን እንጨት ሲጠርብ ይውላል። አበልጁ እንደናፈቁት አውቃለሁ፤ ግን ቢሞት አይናገርም። ሽማግሌ ተላከ፣ የንስሐ አባታቸውም ገሠጹ፤ ሁለቱም "እሱ ቀድሞ ያናግረኝ" ብለው ድርቅ አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንዱ ሳያናግረው ሌላው እንዳይቀበር ነበር የኔ ፍርሃት።

ባለፈው የካቲት ከማዶ ካለው ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበርና ዳገታችንን ቆሜ አየሁት። ሳሩ ሁሉ ገርጥቷል፤ መስመሮቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ሁለት ብቻም አይደሉም። እንደ ሽንሽን ቀሚስ አንዱ ከአንዱ በታች ተደርድረው፣ የኛንም የሳቸውንም የሌላውንም መሬት አቋርጠው ዳገቱን ይዞራሉ። መነሻቸው ሁሉ ከላይ ምንጩ ጋ ነው። ወሰን ምን ሊያደርግ ምንጭ ድረስ ይሄዳል? በጥንት ጊዜ የነበረ ሰው በበጋ ሳሩን ያጠጣበት ቦይ ነበር። ቆፋሪው ማን እንደሆነ እንኳን እኛ፣ አያቶቻችንም የሰሙ አይመስለኝም።

ለአባቴ ስነግረው "ማርቆስ ገብተሽ ዓይንሽ ተበላሸ" አለኝ። አበልጁ ዘንድ ሄድኩ። ሰሙኝና ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ውሃ ከሄደበት ቦይ ነው፤ ካልሄደበት ወሰን ነው። እንዲህ በይው" አሉ። አባቴም ውሃው እንደማይሄድ እርግጠኛ ስለነበር እሺ አለ።

በማግስቱ ጠዋት አበልጁ ዶማቸውን ይዘው ምንጩ ጋ፣ አባቴ ዶማውን ይዞ ከታች ቆሙ። ድምፃቸው እርስ በርስ ይሰማል። እንዲያም ሆኖ አባቴ "ይክፈተው በይው" ይለኛል። አበልጁ "እየከፈትኩ ነው በይው" ይሉኛል። ዳገቱን ሽቅብ ቁልቁል ስል ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ዘፍ አልኩና "አፍ አላችሁ፤ ከእንግዲህ አልላክም" አልኳቸው።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ ቅጠሉን እየገፋ ቀስ አለ፤ ከዚያ ሳሩን እያስተኛ ጥምዝዙን ዞረና የላይኛውን መስመር ይዞ ቁልቁል ቀጠለ። አባቴ ንዴቱን ረስቶ ከጎኑ እየሄደ ጉድፉን በእግሩ ይጠርግለት ጀመር። ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከብት ረግጦ ያፈረሰው ቦታ ሲደርስ ውሃው ቦዩን ጥሶ ከታች ወዳለው ጭድ ክምራችን አመራ። አባቴ አፈር ቢያለብስ፣ ድንጋይ ቢደረድር አልያዘለትም። ወደኔ ዞረ። እኔ ከድንጋዩ ሳልነሳ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"አበልጄ፣ ዝጋው!" አለ ሽቅብ።

አበልጁ ዶማቸውን ተደግፈው ቆሙ። አልተንቀሳቀሱም።

"ማንን ነው?" አሉ።

"አንተን ነዋ! አበልጄ፣ ዝጋው አልኩህ።"

ያን ጊዜ ዘጉት። ዘግተውም አልቀሩም፤ በዚያ ባረጀ ጉልበታቸው ዳገቱን እየተንደረደሩ ወርደው ከአባቴ ጋር ጭዱን በእቅፋቸው ወደ ደረቅ ቦታ ያግዙ ጀመር። ሲጨርሱ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"እንግዲያ ወሰናችን የቱ ነው?" አለ አባቴ።

አበልጁ ላይ ታች አዩ። "እኔ እንጃ። አንተስ ታውቀዋለህ?"

"እኔም አላውቅ።"

ከዚያ አባቴ ወደኔ ዞሮ፣ "ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? ሂጅ ሁለት ማጭድ አምጭልን" አለኝ።