ዳማና የሀኒፋ ሜትር

አፍንጮ በር ላይ ባለፈረሱን ፈቀደን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ትናንት ቤት የተከራየ ነው። ሦስቱ ፈረሶቹ ቅዳሜና እሁድ አጊጠው ሙሽራ ያጅባሉ፤ በአዘቦት ቀን ደግሞ አንገታቸውን በመስኮት እያስገቡ የቤቱን ወሬ ያዳምጣሉ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጎረምሳ ነው። አምባላይ ነጭና ኩሩ ነው። ዳማ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የተወለደች፣ ፈቀደ በጋቢው ጠቅልሎ የተቀበላት ባዝራ ናት።

ዳማ ከሳች። ጎድኗ እስኪቆጠር ከሳች።

ፈቀደ «ትል ነው» አለ። ልጅ ሳለ እናቱ በየሁለት ወሩ ቤተሰቡን በአንድ ጠዋት አሰልፈው ኮሶ ያጠጡ ነበር፤ ታመምኩ ያለም፣ ደህና ነኝ ያለም ይጠጣል። እሱም ሥርዓቱን ለጋጣው አወረሰ። በየወሩ በሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ተሳልሞ ሲመለስ ለሦስቱም አንዳንድ የከብት የትል ኪኒን በዳቦ ጠቅልሎ ያጎርሳል። ለትልቁም ለትንሹም እኩል።

«ማዳላት አልወድም» ይላል።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚስቱ የሙሉእመቤት ትዕግሥት አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎረቤቱ ፈረስ አስራቢ እያለን ነው። እስከ መስቀል ካልወፈረች ሱሉልታ ወንድሜ ዘንድ ትሄዳለች። እዚያ ሜዳ ላይ ትጥገብ።»

«ዳማ?»

«አዎ ዳማ። ልከተላት ካልክም አልከለክልህም።»

ፈቀደ ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ እየሮጠ የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሊያ ዘንድ ሄደና የሃያ ሦስቱን ነገር አጫወታት። ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጋሼ፣ ፈረስ እኮ እንደ ቤተሰብ ኮሶ አይጠጣም! አንዱን መድኃኒት በየወሩ፣ ያውም ሳይመጥኑ ከሰጡት ትሉ ይለምደዋል። እንዲያውም ሲዘገይበት ይናፍቀዋል። የእያንዳንዳቸውን ትኩስ ፋንድያ ለየብቻ ያምጡልኝ፤ የትሉን እንቁላል ልቁጠር። ክብደታቸውንም እፈልጋለሁ።»

«ፈረስ በምን ሚዛን ላይ ይወጣል?»

«በሜትር ይለኩልኝ። የደረታቸውን ዙሪያና ርዝመታቸውን ብቻ። ስሌቱ የእኔ ነው።»

ሜትር ያላት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ሀኒፋ ናት። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ መጣች።

«ሱፍ ነው ወይስ ካኪ?» አለች፣ አምባላይን እየዞረች። «ኮሌታ ይኑረው?»

ቦራ ላይ ስትደርስ ጮኸች። «ጋሽ ፈቀደ፣ ሜትሬ አለቀ! የባሌን የፋሩቅን ሆድ ስለካ እንኳን ተርፎኝ ነበር!»

ዳማ ጋ ስትደርስ ግን ሳቁ ቆመ። የደረቷ ዙሪያ መቶ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር። ሀኒፋ ቁጥሩን በጠመኔ በጋጣው በር ላይ ጻፈችው።

በማግስቱ ጠዋት ፈቀደ ሦስቱን ፋንድያ በየላስቲኩ ቋጥሮ፣ ስማቸውን ጽፎበት፣ በዘንቢል ይዞ ታክሲ ገባ። አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት አፍንጫዋን ያዘች።

«አባባ፣ ምሳዎ የተበላሸ መሰለኝ።»

«ምሳ አይደለም ልጄ» አላት። «ምሳ ነበር።»

ታክሲው እስኪደርስ ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ።

ውጤቱ ጉድ ሆነ። እነዚያ የሚያብረቀርቁት ቦራና አምባላይ የትል ባለጸጎች ሆነው ተገኙ። ዳማ ምንም የላትም ማለት ይቻላል።

«ታዲያ ምን አከሳት?» አለ ፈቀደ።

«ስትበላ ያላመጠችውን ትተፋለች?»

ፈቀደ ግንባሩን መታ። በግርግሙ ውስጥ በየቀኑ የድርቆሽ ኳስ ያገኝ ነበር፤ ቅምጥልነት መስሎት ነበር። ዶክተር ሊያ ግቢው ድረስ መጥታ የዳማን አፍ ከፍታ ስታይ፣ የኋላ ጥርሶቿ እንደ መጋዝ ሾለው ጉንጯን ወግተውታል። ሞረደችላት። ለሁለቱ ደግሞ ሌላ ዓይነት መድኃኒት፣ ለእያንዳንዱ እንደ ክብደቱ ሰጠች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋንድያቸው እንደገና ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ በየሦስት ወሩ ይቆጠራል፤ የበዛበት ብቻ ይወስዳል። ክረምት ሲወጣ ግን ሦስቱም አንድ ጊዜ ይወስዳሉ። የግቢው ፋንድያ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው ይጠረጋል። ፈቀደ ይህን ሁሉ በቀን መቁጠሪያው ላይ በትልልቁ ጻፈ።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ደረሰ። ከጊዮርጊስ ሲመለስ ሦስቱም ተሰልፈው ጠበቁት። ልቡ አልችል አለና ዳቦውን ብቻ ሰጣቸው። ቦራ ኪኒኑን የት ደበቅከው በሚል ዓይነት ኪሱን በአፍንጫው ፈተሸ።

ክረምቱን ሙሉ ዳማ የራሰ ፉርሽካ ጠገበች። የደመራ ዕለት ጠዋት ሀኒፋ ሜትሯን ይዛ መጣች። ፈቀደ አላይም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እትዬ ሙሉ፣ እርስዎ ያንብቡት» አለች ሀኒፋ። «በኋላ ሜትሩን አላልታው ነው እንዳይሉኝ።»

ሙሉእመቤት መነጽሯን አደረገች። አነበበች። መነጽሯን ወልውላ ደግማ አነበበች።

«መቶ አርባ አንድ።»

ፈቀደ ከግድግዳው ዘወር ብሎ የዳማን አንገት አቅፎ እስክስታ ወረደ። ዳማ አሽካካች። ሀኒፋ እልል አለች።

ሙሉእመቤት ስልኳን አንስታ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ፈረሷ አትመጣም፤ ወፍራለች» አለችው፣ በሳቅ እየተንፈቀፈቀች። «ሰውየውን ልላክልህ? እዚህ በደስታ አብዶብኛል።»