ጣፋጩን ሥር በብርሃን የለየችው ሱዪን

ኮው ሱዪን የሥር ቆፋሪ ልጅ ናት። አባቷ በሚንቺን በረሃ አሸዋ ዳር ለመድኃኒት የሚሆነውን ጣፋጭ ሥር ቆፍሮ በሚያገኘው ገንዘብ አስተማራት፤ እሷም ዉዌይ ከተማ መድኃኒት መመርመሪያ ቤት ተቀጠረች።

አንድ ዓመት በብርዱ ወራት ገበያው በሐሰተኛ የሳል ክኒን ተጥለቀለቀ። አጭበርባሪዎቹ በጣፋጩ ሥር ፋንታ ስኳር ይከቱበታል፤ ከመራራ ቅጠሎች ጋር ሲደባለቅ ምላስ አይለየውም። የሚለየው ትልቅ መሣሪያ ያለው ላንጆው ከተማ ነው፤ ወረፋው ደግሞ አያድርስ ነው።

ሱዪን ሌላ መላ አሰበች። አንዳንድ ቀለም የሥሩን ጣፋጭ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ተያይዞ ደቃቅ ጓል ይሠራል፤ ጓሉ ብርሃን ሲያርፍበት ይበትነዋል። ጣፋጩ በበዛ ቁጥር የሚበተነው ብርሃን ይጨምራል። ይህን ለመለካት የመመርመሪያ ቤቱ አሮጌ መሣሪያ ይበቃል።

ግን ስትሞክረው ሐሰተኛውም ክኒን ብርሃኑን ልክ እንደ እውነተኛው በተነ። ባልደረቦቿ መሣቂያ አደረጓት።

«ሱዪን፣ መብራትሽ ዛሬስ ምን አለሽ?»

«ዝም ብሏል። እናንተም እንደሱ ዝም በሉ!»

ጥፋቱ የሌሎቹ ቅጠሎች ነበር፤ እነሱም ብርሃን ይበትናሉ። ስለዚህ ጣፋጩን በአሲድ አዝቅጣ ለየችው፣ አጠበችው፣ እንደገና አሟሟችውና ቀለሙን ጨመረች። አሁን እውነተኛው ብቻ ደመቀ።

ወሬውን የሰማው፣ ሰው ሁሉ «ሺፉ» ማለትም መምህር የሚለው ሽማግሌው መድኃኒት ቀማሚ ቢያን ስም ያልተጻፈባቸው የክኒን ጥቅሎች ይዞ መጣ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን ያመንኩት ምላሴን ነው። እስቲ ያንቺን ብርሃን ልየው።»

ሱዪን መርምራ ጥቅሎቹን ፊቱ ደረደረች።

«ሺፉ ቢያን፣ ይሄ ደህና ነው። ይሄኛው ሥር የሚባል አልነካውም። ይሄ ደግሞ የሚገባውን ሥር ግማሽ እንኳን የለውም፤ ማን ሰስቶ ነው?»

ሽማግሌው ከት ብሎ ሣቀ። «እኔ ነኛ! ላሳስትሽ ብዬ! አንቺ ልጅ፣ ከእንግዲህ ከቤቴ የሚወጣ ክኒን ሁሉ በእጅሽ ያልፋል።»

ላንጆው የተላከው ናሙናም ከእሷ ውጤት ጋር ገጠመ። ሐሰተኛው ክኒን ከየሱቁ ተለቀመ፤ የሌላ ከተማ መርማሪዎችም ሊማሩ ወደ እሷ ይመጡ ጀመር።

ለአዲስ ዓመት አባቷ ሊጠይቃት መጣ። ኑድል ቤት ገብተው ገና ምግብ ሳያዝዙ አባቷ ብድግ አለ።

«የሳሉን ክኒን ጉድ ያወጣችው ይቺ ናት! የኔ ልጅ!»

ሱዪን ፊቷ ቀልቶ እጅጌውን ጎተተችው። «ኧረ አባዬ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! እንዲሰማ አይደል የምጮኸው?»