የቆሞ ቀር ኮምፒውተር

ልብስ ሰፊዋ ቂም የቋጠረችው አንድ እሁድ ምሳ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መናደድ አታውቅም ነበር ማለት አይደለም። ደንበኛ ልብሱን አሰፍቶ ሲጠፋባት፣ አከራይዋ ጣሪያው እንደሚያፈስ እየሰማ እንዳልሰማ ሲያልፍ ትናደድ ነበር። ግን ንዴቷ እንደ ካውያዋ ነው፤ ከሶኬቱ ሲነቀል ቀስ እያለ ይበርዳል። የዚያ እሁዱ ግን አልበረደም።

አርባን ልትደፍን ጥቂት የቀራት፣ ባል ያላገባች፣ ከሱቋ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የምትኖር ሴት ናት። ቀን ቀን መጋረጃ ትሰፋለች፣ ቀሚስ ታጠብባለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። ማታ ማታ ደግሞ ማንም ሰው ከእሷ የማይጠብቀውን ሥራ ትሠራለች፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትተኩሳለች።

ያስጀመራት የታናሽ እህቷ ባል ነው። ሰውዬው የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሲበዛ ሳቂታ፣ ሲበዛ ጯሂ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አምስት ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱት የተኩስ ጨዋታ ነበራቸው፤ አንድ ሰው ሲጎድልባቸው ሱቋ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ አንቺ እኮ እጅሽ ፈጣን ነው። ለአንድ ሳምንት ብቻ ቦታውን ሙዪልን» አላት።

ሳምንቱ ሁለት ዓመት ሆነ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወገብ ስትለካና «ትንሽ አጠበብሽው» ስትባል የምትውል ሴት፣ ማታ ማታ ጠመንጃ ይዛ ጣሪያ ለጣሪያ መሮጥ እንዴት ደስ እንደሚላት ደረሰችበት። ዓይኗ ጥሩ ነው፣ እጇ አይንቀጠቀጥም። ያላት ኮምፒውተር ግን ከአንድ ቢሮ ተጥሎ የተገዛ አሮጌ ነበር። ተኩሱ ሲጋጋል ምስሉ ቀጥ ይላል። እሷም ሜዳ መሐል እንደ እንጨት ተገትራ ትቀራለች፤ ምስሉ ሲለቅቃት ራሷን ሞታ ታገኘዋለች። ጓደኞቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ስም አወጡላት።

ያን እሁድ እናታቸው ቤት ምሳ ተቀምጠው ሳለ የእህቷ ባል ሹካውን አስቀመጠና እጁን አጨበጨበ።

«የኛ እትዬ በቡድናችን ውስጥ ስሟ ማን መሰላችሁ?» አለ። «ቆሞ ቀር!»

እህቷ እስክታስል ድረስ ሳቀች። እናትየዋ አፏን በመዳፏ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የሁሉንም ሳቅ ትችለው ነበር፤ የእናቷ ትከሻ ግን አንጀቷን ቆረጠው። ያ ስም ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ስም ነው፤ ለምን ዓይነት ሴት እንደሚወጣም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልገባው አልነበረም።

«ለነገሩ ከእንግዲህ አናስቸግራትም» ብሎ ጨመረ። «ሌላ ልጅ አግኝተናል፣ እሷን ቀንሰናታል።»

መቀነሷን የሰማችው ያኔ ነው። ምሳዋን በላች። ሳህን አጠበች። እናቷን ስማ ወጣች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የወጋት ሰው እሷ በሩን ሳትዘጋ ነው የረሳው።

በዚያው ሰሞን ገበያው ጀርባ ያለው የጨዋታ አዳራሽ ውድድር ያዘጋጅ ነበር። አንድ ለአንድ ነው፤ ሁሉም የራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ያሸነፈው የእህቷ ባል ነበር፤ ዋንጫውን ሱቁ ውስጥ ከዘይት ጣሳዎቹ በላይ ሰቅሎታል። ልብስ ሰፊዋ የጨርቅ ጠርዝ ለሚቋጨው ኦቨርሎክ ማሽን ያጠራቀመችውን ገንዘብ ከፍራሿ ሥር አወጣች።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈርተኛው «ካቻቢቴ» ይለዋል፤ መፍቻውን ከጆሮው ኋላ ሰክቶ ስለሚዞር ነው። ሱቁ እንደ ጓዳ ጠባብ ናት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተፈታታ ዕቃ ተከምሮባታል።

«ምን ልታዘዝ?» አላት።

«ሰው የሚያሸንፍ ኮምፒውተር።»

«ሰውን የሚያሸንፈውስ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ ካላቆመሽ ይበቃል።»

«እሱን ነው የምፈልገው። የማያቆመኝ።»

ያላትን ገንዘብ ነገረችው። ካቻቢቴ አገጩን አከከ። «በዚህማ የሚያብረቀርቅ መብራት የለም፣ መስታወት የለም፣ አዲስ ዕቃም የለም ማለት ይቻላል።»

«መብራት ቤቴ አለ» አለችው።

ምርጫውን እንደ ጨርቅ አየችው። ጨርቁ አነስ ሲል መጀመሪያ የሚቆረጠው ደረትና ጀርባው ነው፤ ኪስና አንገትጌ ከቁራጭ ይወጣል። ለጨዋታ ደረትና ጀርባው ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰርና ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ስለዚህ አዲስ ከወጣው ፕሮሰሰር ይልቅ ከእሱ በፊት የነበረውን ያገለገለ መረጠች፤ በጨዋታ ላይ ልዩነታቸው በዓይን የሚታይ አልነበረም። ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ራሙን፣ አንድ ትልቅ ከማድረግ ሁለት ትንንሽ አድርጊው አላት ካቻቢቴ፤ ጎን ለጎን ሲሠሩ ይፈጥናሉ። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ ትንሽ ይሁን፤ እሷ የምትጫወተው አንድ ጨዋታ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን ርካሹን ልትወስድ ስትል ካቻቢቴ ተቆጣ። ከኋላው አንድ የጠቆረ ቦርድ አንስቶ አፍንጫዋ ሥር አደረገው።

«አሽትቺው። የዚህ ባለቤት እዚህ ላይ ቆጥቦ ሌላውን ሁሉ አቃጠለ። ኤሌክትሪክ የሚያድለው ዕቃ ላይ ስስት የለም!»

የከሰል ሽታ ነበረው። ጥሩውን ወሰደች።

አንድ ጊዜ ተሳሳተች። ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ በስልክ ከሚሸጥ ሰው በርካሽ አገኘሁ ብላ ለብቻዋ ገዛች። ይዛ ስትመጣ የፕሮሰሰሩ እግርና የቦርዱ ቀዳዳ ጨርሶ አይተዋወቁም። የግራ እጅጌ ለቀኝ ትከሻ እንደ መስፋት ነበር። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ካቻቢቴ በሌላ ለወጠላት፤ በልዋጩ የከሰረችውን ስታስብ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ እንባዋ መጣ። ማን ሊስቅ እንደሚችል አሰበችና እንባዋን ዋጠችው።

የቀረው ካርዱ ነበር። የገንዘቧን ግማሽ ያስቀመጠችለት ቢሆንም ገበያው ላይ ያለው ሁሉ ወይ ውድ ነው ወይ የደከመ። አንድ ቀን ካቻቢቴ ደወለላት። «ነይ። አንድ ሰውዬ አዲስ ገዝቶ አሮጌውን ሊሸጥ ነው። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አታገኚም።»

ፎቶውን በስልኩ አሳያት። ካርዱ ጎን ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተለጣፊ አለ። አማቿ ያለውን ሁሉ፣ ከስልኩ እስከ ውኃ መያዣው፣ በሱቁ ተለጣፊ ነው የሚያስጌጠው። ከፎቶው ሥር ራሱ የጻፈው አለ፦ «ለጀማሪ ይበቃል፤ ለድሃ ደግሞ ሰርግና ምላሽ ነው።»

«የሱን ትርፍራፊማ አልነካም!» ብላ ወጣች። የመንገዱን ግማሽ ሳትጨርስ ቆመች። ተመለሰች።

«ማን መሆኔን ሳትነግረው ደውልለት። ድምፁን ልስማው።»

ካቻቢቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፈተ። ሰውዬው ዋጋ ይጠራል፣ እሷ መዳፏን ወደ ታች ታደርጋለች፣ ካቻቢቴ ይቀንሳል። ሰውዬው ይምላል፣ እሷ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። መጨረሻ ላይ ታከተው። «ኧረ ውሰደው ወንድሜ፣ ቤቴ አቧራ ከሚጠጣ!» አለ። አንጀቷ ያን ቀን ነው ቅቤ መጠጣት የጀመረው።

ካርዱ ሲሞከር ይግል ነበር። ካቻቢቴ ፈቶ አቧራውን አራገፈ፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ በረደ። ሳጥኑ ከድሮው የቢሮ ኮምፒውተሯ የተረፈው ነው። አየር እንዲያገኝ ፊቱን በድሪል በሱት፤ አቧራ እንዳይገባበት እሷ ከሙሽራ ቬሎ የተረፈ ስስ ጨርቅ በክፈፍ ሰፍታ ገጠመችለት። ማታውን አብርታ ስትጫወት ተኩሱ ጋለ፣ ጭሱ ጨሰ፣ ግንቡ ተናደ፤ ምስሉ ግን እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር። አንዴም አልቆመም።

ከዚያ ወዲያ ልምምድ ብቻ ሆነ። እናቷ ደወለች። «እሁድ እሁድ ጠፋሽ፣ ልጄ።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እማዬ።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ተዪው።»

«እኔ መቼ ጸለይኩ?» አለችና ስልኩን በትሕትና ዘጋች።

የውድድሩ ቀን አማቿ መስታወት ለበስ ኮምፒውተሩን በሁለት ሰው አሸክሞ ገባ። ሲበራ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ሆነ፤ ሰዉ ከበበው። እሷ የራሷን በመጋረጃ ጨርቅ ጠቅልላ በታክሲ አመጣች። ሲያያት ፊቱ በራ።

«እንዴ እትዬ! የስፌት ማሽንሽን ነው ያመጣሽው?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች። ስም መዝጋቢው «በምን ስም ልጻፍሽ?» ሲላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቆሞ ቀር» አለች።

የመጀመሪያዎቹን ተጋጣሚዎች ያለ ብዙ ጣጣ አሰናበተች። እያንዳንዱ ሰው በወደቀ ቁጥር አዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ትልቅ ማያ «ቆሞ ቀር ገደለ» እየተባለ ይጻፋል። መጀመሪያ የሳቁት ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እሷ ሳቡ። ለፍጻሜው የቀሩት እሷና የእህቷ ባል ሆኑ።

እሱ ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው ተሰልፋ ተጫውታለች። ከተኮሰ በኋላ ሁልጊዜ ወደ ግራ እንደሚዞር፣ ቆሞ መጠበቅ እንደማይሆንለት፣ ሲያሸንፍ መጮህ እንደሚቀድመው ታውቃለች። እኩል ለእኩል ደረሱ። በመጨረሻው ዙር እሷ አንድ የፈረሰ ግንብ ጥግ ገብታ ቆመች። ጣቷን አላነቃነቀችም። እሱ በሩቁ አያት።

«ቆመች!» ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ ቀረች! ኮምፒውተሩ ያዛት!»

እየሳቀ፣ መሣሪያውን እንኳ ሳያነጣጥር፣ በቀጥታ ወደ እሷ ሮጠ። እስኪቀርብ ጠበቀችው። ቅርብ እስኪሆን፣ ሊስታት እስከማይችል ሳይሆን ልትስተው እስከማትችል። ከዚያ አንድ ጊዜ ጠቅ አደረገች።

ግድግዳው ላይ ተጻፈ። አዳራሹ እየጮኸ አነበበው።

«ማጭበርበር ነው!» አለ አማቿ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። «እንዲህ ያለ ቆርቆሮ እንደዚህ አይሮጥም! ይከፈት! ውስጡን እንየው!»

«ይከፈት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ካቻቢቴ ከተመልካቹ መሐል ወጣ፣ መፍቻውን ከጆሮው አወረደ፣ ሳጥኑን ከፈተ። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። ከሁሉም ቀድሞ ያየው ራሱ የእህቷ ባል ነው። ተለጣፊው ፊት ለፊት ነበር፤ የሱቁ ስም፣ የሱቁ ስልክ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፣ ሌላው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም።

«አመሰግናለሁ» አለችው ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ሳታነሣ። «ለድሃ እውነትም ሰርግና ምላሽ ነው።»

በማግሥቱ ጠዋት እህቷ ሱቋ መጣች። ቁጭ በይ ብትባልም አልተቀመጠችም።

«የልጆቼን አባት የሰፈር መሳቂያ አደረግሽው!»

«እኔ መሳቂያ ስሆን አንቺ የት ነበርሽ?»

«ቀልድ ነበር!»

«የኔም ቀልድ ነው። ሳቂ እንጂ! ያን ቀን እንዳሳለሽ፣ እስኪያስልሽ ሳቂ!»

እህቷ በሩን ወርውራ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን አንድ ቀሚስ አበላሽታለች፤ ጨርቁን ተርትራ እንደ አዲስ ሰፋችው። ከታናሿ ጋር መኳረፍ ደስ አላላትም። ያደረገችውን ግን ዳግም አድርጊው ብትባል ታደርገዋለች፤ ይህን ለእናቷም አልደበቀችም። እናትየዋ ስለ ትከሻዋ አንድም ቀን አላነሣችም፤ ግን አንድ እሁድ ልጇን ለብቻዋ ጠርታ ትልቁን ሥጋ በእሷ ሳህን ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ይቅርታ ብላ ተቀበለችው።

አማቿን ግን አልማረችውም። ሰውዬው ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለው ፍላጎት አንድ ነው፤ መልስ ግጥሚያ። መጀመሪያ በሰው ላከ፣ ቀጥሎ ራሱ ደወለ፣ አሁን በየማታው በጨዋታው ላይ ጥሪ ይልክላታል። በቅርቡ እህቷ ሱሪ ለማሳጠር ብላ መጣችና ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ተቀመጠች። ኩርፊያውን ያፈረሰው ሌላ ምንም አልነበረም፤ መሯት ነው የመጣችው።

«እባክሽ እትዬ፣ አንድ ጊዜ ተጫወቺው። ስትፈልጊ አሸንፊው፣ ስትፈልጊ ተሸነፊለት። ቤት ውስጥ መኖር አልቻልንም፤ በእንቅልፍ ልቡ ወደ ግራ ይዞራል።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፣ እህቷም ሳቀች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሱሪውን በነፃ አሳጠረችላት።

«ግጥሚያውስ?» አለች እህቷ በሩ ላይ ቆማ።

«አይሆንም።»

ማታ ከሥራ በኋላ ኮምፒውተሯን ታበራለች። የአማቿ ጥሪ ማያው ጥግ ላይ ብቅ ይላል፤ «ትቀበያለሽ ወይስ ትተዪዋለሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። አትቀበለውም፣ አትመልሰውምም። እዚያው እንደበራ ትተወውና ከሌሎች ጋር ትጫወታለች።