በአክስቴ በረንዳ ላይ የገደልኳት ልጅ

የመጽሐፉ ሽፋን የራሱ አልነበረም። ላዩ ላይ ማጭድና መዶሻ አለበት፤ ላየው ሰው የፖለቲካ ትምህርት ነው። ሲገልጡት ግን አንዲት ነርስ ትሸሻለች፣ ሰው ሲገድል ያየችው ሀብታም ያሳድዳታል፣ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ይጠብቃታል፣ በየመሃሉም ሁለቱ ተንበርክከው ይጸልያሉ። በታይፕ ተመትቶ በስቴንስል የተባዛ ነው። ከየት አገር ቋንቋ፣ በማን እጅ እንደተተረጎመ የሚያውቅ የለም።

ያመጣችልኝ ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ጴንጤ ናቸው፤ ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ በየሳሎኑ በሹክሹክታ ነበር የሚዘምሩት። «ይሄ ክፍል አንድ ነው፤ ስትጨርሺ ሁለተኛውን አመጣልሻለሁ። ሰው እንዳያይብሽ ብቻ» አለችኝ። እኛ ቤት ደግሞ የጴንጤ መጽሐፍ ከሚገባ እባብ ቢገባ ይሻላል። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነበር። እስቲ አስቡት፣ በሁዳዴ የፍቅር መጽሐፍ፣ ያውም የጴንጤ! ሁለት ኃጢአት በአንድ ሽፋን ይዤ አሰበ ተፈሪን ከትምህርት ቤት እስከ ቤታችን አቋረጥኩ።

ጥሩ ልጅ ብሆን ኖሮ እመልሰው ነበር። አልመለስኩም። በቀበሌው ንባብ ቤት ያለው ሁሉ ስለ ትራክተርና ስለ ወዝአደር ነው፤ እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ የሚያሳድደኝም የሚጠብቀኝም ሰው አልነበረኝም።

የአባቴ ታላቅ እህት ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ከርሟል። ሬዲዮ ሲከፈት ሥራቸውን አቁመው ያዳምጣሉ፣ ሲዘጋ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ዓይናቸው ስለደከመ ድርሳን የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ለማንበብ የሚመቸው ቦታ ደግሞ የእሳቸው በረንዳ ነው፤ እዚያው ያዙኝ።

«ምንድን ነው እንዲህ አንገትሽን ያስደፋሽ?»

«ስለ አንዲት ክርስቲያን ልጅ ነው እትዬ። ጠላት ያሳድዳታል።»

«እስቲ ጮክ በይ፣ እኔም ልስማው።»

አልዋሸሁም እኮ። ክርስቲያን ናት፣ ጠላት ያሳድዳታል። እሳቸው ግን መጽሐፍ ሲባል የሚያውቁት እውነት የተጻፈበትን ብቻ ነው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ያልነበረች ልጅ ፈጥሮ ይጽፋል ብሎ የነገራቸው የለም። እኔም አልነገርኳቸውም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው የተጀመረው።

በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጠብቁኛል። ጎረቤታችን ጫት ነጋዴዋ ሙስሊም ሴትዮም ትቀላቀለን ጀመር። ከበደሳ የሚመጣላትን ጫት በረንዳችን ላይ ዘርግታ፣ ወደ ሚኤሶ የሚወርደው መኪና ሳያመልጣት በሙዝ ቅጠል እየጠቀለለች ትሰማለች። እኔን በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ነው የምትለኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው። «ኢንተላ ኮ፣ ትናንት ያ ውሻ በሩ ላይ ቆሞ ነው የተውሽን፤ ቀጥይ» ትለኛለች። ውሻ የምትለው ገዳዩን ነው።

ትከሻ ሰፊው ሰው ነርሷን ማቀፍ ሲጀምር እዘላለሁ። በዓይኔ አነባለሁ፣ በአፌ ዝም።

«ምነው ዝም አልሽ?» ይላሉ አክስቴ።

«ገጹ ደብዝዟል እትዬ፤ የስቴንስል ነገር።»

«እኔ የሚገርመኝ፣ የሚደበዝዘው ሁልጊዜ ሰውየው ሲመጣ ነው» አሉ አንድ ቀን፣ ጫት ነጋዴዋም ቅጠሉን ጥላ ሳቀች። እኔ ግን አፈርኩ። ማታ ያቺን ገጽ ደግሜ አነበብኳት፣ ጠዋት ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ከአክስቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ተሳለምኩ።

ሁለተኛው ጣጣ የጸሎቱ ነው። «ይቺ ልጅ ስትጸልይ አታማትብም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። ደነገጥኩ። ጴንጤ መሆኗ ሊነቃ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሷ በእኔ አፍ ማማተብ ጀመረች። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። እግዚአብሔርን ብቻ ስትጠራ ሲጎረብጣቸው አይቼ ገብርኤልን አስጠራኋት። አክስቴ ፊታቸው በራ። «አየሽ፣ ፈረንጅም ብትሆን ታውቀዋለች» አሉ። ገብርኤልን ወደዚያ መጽሐፍ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ከጴንጤዎቹ አንዳቸው ቢሰሙኝ ምን ይሉኝ ነበር?

ክፍል አንድ የሚያልቀው ነርሷ ምድር ቤት ተቆልፎባት፣ ከባሕር የሚገባው ውኃ ደረቷ ላይ ደርሶ ነው። እዚያ ላይ አበቃ። በማግሥቱ ክፍል ሁለትን ልቀበል ስሄድ ጓደኛዬ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ቤታቸው ሊፈተሽ ነው የሚል ወሬ ሰምተው አባቷ መጽሐፎቹን አቃጥለዋል።

ለአክስቴ መጽሐፉ ገና አልመጣም አልኳቸው። በነገታውም። በሦስተኛው ቀን ስደርስ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆመዋል። «ቁልቢ ገብርኤል፣ ያቺን ልጅ ከዚያ ውኃ ካወጣህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ይላሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ቀስ ብለው «እሷን ካወጣ የኔንም ልጅ ያወጣል» አሉኝ።

ምን ልበል? «እትዬ፣ ልጅቷ የለችም» ማለት ነበረብኝ። «መጽሐፉ ነገ ይመጣል» አልኳቸው።

ሳምንቱን ሙሉ «ዛሬስ?» አሉኝ። ጫት ነጋዴዋም «ኢንሻ አላህ ትወጣለች፣ ዱዓ እያደረግሁላት ነው» ትላለች። ከዚያ አክስቴ ስለቱን አሳደጉት። ጃንጥላ አንሷል ብለው በእግሬ እመጣለሁ አሉ። ከእኛ ከተማ ቁልቢ በእግር! በየታኅሣሡ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በከተማችን የሚያልፉትን ተሳላሚዎች እናያለን፤ ጎረምሶቹ እንኳ አሰበ ተፈሪ ሲደርሱ ያነክሳሉ። የአክስቴ እግር ደግሞ አብጦ ጫማ አይገባለትም፤ ገበያ ለመድረስ በየሰዉ ደጃፍ ያርፋሉ። የክሊኒኩ ድሬሰር ልባቸው ደክሟልና መንገድ እንዳያበዙ ነግሯቸዋል። ይሄን ሁሉ እያወቁ ነው የተሳሉት።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር። ልጅቷ ከዳነች አክስቴ በዚያ እግራቸው ይነሣሉ፣ የሚያስቆማቸውም የለም። ከሞተች ደግሞ የልጃቸው ተስፋ አብሯት ይሄዳል። መጨረሻውን የምወስነው እኔ ነኝ፤ የሒሳብ ፈተና ማለፍ አለማለፏን የማታውቅ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ለብዙ ዓመት ለእግራቸው ብዬ ነው ስል ኖሬያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስልችት ብሎኝ ነበር። ያ «ዛሬስ?» አንገፍግፎኝ ነበር፣ እንዲያበቃልኝ ፈልጌ ነበር።

ክፍል አንድን ገልጬ የሌለ ነገር ማንበብ ጀመርኩ። ውኃው አንገቷ ደረሰ። ትከሻ ሰፊው ሰው ሲሮጥ መኪናው ተበላሸ። «ገብርኤል ሆይ፣ ነፍሴን ተቀበል» አለች፤ ውኃው ዋጣት። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ያ ረቢ» አለች ጫት ነጋዴዋ። «ሰውየውስ?»

«ዘገየ።»

«ይሄ መጽሐፍ ደግ መጽሐፍ አይደለም» ብላ ጫቷን ሰብስባ ተነሣች። ሳትሰናበተን ወጣች።

አክስቴ «ጃንጥላ ብዬ ነው የጀመርኩት» አሉ። «በነፍስ ጉዳይ መጣሁ እንጂ ገበያ መጣሁ? እንደ በርበሬ ተከራከርኩት። መጀመሪያውኑ በእግሬ እመጣለሁ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያወጣት ነበር።»

ጥፋተኛዋ እኔ፣ ጥፋቱን የተሸከሙት እሳቸው። ያን ጊዜ እንኳ ልናገር እችል ነበር። የጴንጤ መጽሐፍ አነበበች መባሉን፣ ውሸታም መባሉን ፈራሁ። መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እራት ሥራ ላግዝ ገባሁ።

በሳምንቱ አክስቴ ጥቁር ለበሱ። የመጣ መርዶ የለም፣ የቀበሌ ሰው በራችንን አላንኳኳም፤ ግን ለቅሶ ተቀመጡ። የልጃቸውን ካፖርት ለመናኸሪያው ተሸካሚ ሰጡ። ጫማውን፣ ሸሚዞቹን፣ አልጋውን ሳይቀር ሰጡ። አባቴ «እህቴ፣ ሰው መርዶ ሳይሰማ እንዴት ያለቅሳል?» ብሎ ለመናቸው። «እኔ ሰምቻለሁ» ብለው መለሱለት። አባቴ ከማን እንደሰሙ ግራ ገባው። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

የዚያን ካፖርት ነገር አልረሳውም። ተሸካሚው ለብሶት የዘይት በርሜል ሲያንከባልል ባየሁት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ክረምት ሲገባ ጓደኛዬ እየሳቀች መጣች። አባቷ ሁሉንም አላቃጠሉም፤ የተወሰነውን በዘይት ቆርቆሮ አድርገው ጓሮ ቀብረውት ኖሯል። ክፍል ሁለት እጄ ገባ፣ ጠርዙ ሻግቷል፣ አፈር አፈር ይሸታል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ሳልነሣ ጨረስኩት። ልጅቷ ድናለች። ሰውየው በሩን ሰብሮ፣ ጠልቆ፣ ተሸክሞ አውጥቷታል። መጨረሻ ላይ ሠርግ አለ። አንድም የምዘለው ገጽ አልነበረም፣ ሁሉንም አነበብኩት፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አክስቴ ጥቁር ለብሰው እንደተቀመጡ ትዝ አለኝና ሳቁ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

መጽሐፉን ይዤ በራቸው ድረስ ሄድኩ። ምስር ይለቅማሉ። በደከመ ዓይናቸው ድንጋዩን በጣታቸው እየፈለጉ ነው የሚለቅሙት። «ነይ እስቲ፣ ዓይን ሁኚኝ» አሉ። ተቀምጬ ምስሩን ለቀምኩላቸውና ሄድኩ።

ልጃቸው የመጣው በዓመቱ ነው። ቆስሎ ሆስፒታል ከርሞ፣ ተሰናብቶ፣ በክራንች ከአውቶቡስ ወረደ። አክስቴ አላለቀሱም። ልብስ ሊያቀይሩት ሳጥኑን ከፈቱ፤ ምንም የለም። ሳጥኑን ከፍተው እንደያዙ ቆሙ። «ልብስህን ሰጠሁት ልጄ። አላመንኩትም፣ ገብርኤልን አላመንኩትም» አሉት። አባቴ የራሱን ሸሚዝ አምጥቶ አለበሰው።

በታኅሣሥ ቁልቢ ሄድን። በእግር አይደለም፤ የእግሩ ስለት ከልጅቷ ጋር ሞቷል። እኔ ገድዬላቸው እግራቸው ተርፏል፣ ይሄን ለራሴ እንደ ማጽናኛ እነግረው ነበር። በጭነት መኪና ላይ ተጨናንቀን ሂርናን አልፈን ደረስን። አክስቴ ስለ ልጃቸው መመለስ የሚያስገቡትን ጃንጥላ በእጃቸው ይዘዋል። መንገዱን ሙሉ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው።

«ታውቂያለሽ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ። ያቺ ልጅ ዝም ብላ አልሞተችም። እዚያ ሄዳ ልጄን ለመነችልኝ። ስሟን ሳላስጠራ አልመለስም።»

የሕዝቡ ብዛት አይነገርም። ጃንጥላውን ካስገባን በኋላ የሙታን ስም እየተቀበሉ የሚጸልዩ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ አገኘን። አክስቴ ተጋፍተው ፊታቸው ደረሱ።

«አባቴ፣ አንዲት ልጅ አለች። ስለ ሃይማኖቷ ውኃ የበላት። ለኔ ባለውለታ ናት።»

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉ ቄሱ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ንገሪያቸው እንጂ።»

ልጅቷ የክርስትና ስም የላትም። ልጅቷ አልሞተችም። ሠርጓን አይቻለሁ፣ ቤቴ ፍራሼ ሥር ናት። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከኋላ ሰዉ ይገፋናል፣ ቄሱ ይጠብቃሉ፣ አክስቴ እጄን ይዘዋል። የወጣው የራሴ የክርስትና ስም ነው።

አክስቴ እጄን ጠበቅ አደረጉት። «ሞክሼሽ ናት እንዴ!» አሉ፣ ፊታቸው በራ። «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?»

ቄሱ ስሜን ከሙታኑ ጋር ጠሩት። ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን አሉ። ሰዉ አሜን አለ፣ አክስቴም አሉ። ከዚያ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«አንቺም በይላት እንጂ።»

አሜን አልኩ።